ዋይፋይ ከጋራዥ እስከ ጓዳ

እሑድ

«ኒካሁ የሚመጣው» የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ ከኮምቦልቻ የደወለችው እማዬ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። የሚመጣው ምን? የሚመጣው ወር? የሚመጣው ዓመት? ስልኩን ይዤ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ኩሽና ስደርስ እማዬ ነፍስ ዘራች፤ ወሬው ግን ካለፈ በኋላ ነው። «ሰማኸኝ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ውሸቴን ነው።

ደግነቱ እህቴ ለይላ ስልኩን ነጥቃ እንደገና ነገረችኝ። የሚመጣው እሑድ ነው። ሳምንት! ኑሩ፣ ማለትም ሙሽራው፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ስላዛወሩት ኒካሁ ቀድሞ ይታሰር ተባለ። ድግሱ ከረመዳን በኋላ ነው። ለዚያ ቲኬቴን ቡክ አድርጌአለሁ፣ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ። ኒካሁ ግን እኔን አይጠብቅም።

ነገሩን በቅጡ ልጻፈው። አባታችን ሲሞት ለይላ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባት ከሌለ ወሊዋ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ እኔ። እኔ «ድሬልሃለሁ» ካላልኩ ኒካሁ አይታሰርም። ሼሁ በቪዲዮ ይሆናል ብለዋል። ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ ፊቴ መታየት አለበት፣ ድምፄን ሙሽራውና ሁለቱ ምስክሮች ጥርት አድርገው መስማት አለባቸው። ከተቆራረጠ አጎታችን ሐጂ ይመር በውክልና ይድሯታል።

ለይላ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ፣ «ወንድምዬ፣ በአጎቴ አፍ እንዳልዳር። አንተው ራስህ በለው» አለችኝ ሹክ ብላ።

ሐጂ ይመር ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ስድስት ወር ሙሉ «አስተማሪ ምን ሊያበላት ነው?» ሲሉ ከረሙ። የጓደኛቸውን ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴውን ነበር ያሰቡላት። ለይላም ያን አልረሳችም። እኔም ብሆን ይህችን ልጅ በስልክ ነው ያሳደግኳት። ፈተና ስትወድቅ በስልክ፣ ፋርማሲ ስትመረቅ በስልክ። አሁን ይኼ ሰነፍ ዋይፋይ ሊቀማኝ ነው?

እዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እኛ ጋ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። እኛም ቤት ሃያ ሰው ይመጣል። ወንዶቹ ፊት ለፊት ሳሎን፣ ሴቶቹ ከኋላ ባለው ክፍል፤ እኛ ጓዳ እንለዋለን እንጂ ከሳሎኑ ይሰፋል። እማዬ ሴቶቹንም ማየት ፈልጋለች። ስለዚህ ሁለት ስልክ በሁለት ክፍል፣ በአንድ ጊዜ።

ይህ ደብተር የሥራዬ ነው፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ልኬት የምጽፍበት። እኔ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ፤ ሳልለካ ሥራ አልጀምርም። ስልኬን ይዤ፣ የዋይፋዩን መስመሮች ከአራት እየቆጠርኩ፣ ቤቱን ዞርኩት።

ሳሎን፦ አንድ መስመር። ስቀመጥ ባዶ።
ኩሽና፦ ሁለት።
የኢማን ክፍል፦ አንድ ከግማሽ (ግማሹን እሷ ናት ያለችኝ)።
መኝታ ቤታችን፦ ሁለት።
መታጠቢያ ቤት፦ ሦስት! ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።
ጓዳ፦ ምንም።

«ኩሽና ሆኜ ብድራትስ?» አልኩ። ባለቤቴ ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። «ከፍሪጅ አጠገብ ቆመህ ነው እህትህን የምትድረው?»

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ፊትዝሮይ ሰፈር ነበርኩ፤ የአንድ አሮጌ ቤት ሻወር ወለል። ለውሃው ተዳፋት እያወጣሁ ስለ ዋይፋይ አስባለሁ። ውሃ ቢሆን ኖሮ የት ላይ እንደቆመ አየው ነበር። ይኼ የማይታይ ነገር አናዶኛል።

ማታ ራት ላይ ኢማን ጠየቀችኝ። ኢማን ልጃችን ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። እኛ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፤ እንግባባለን። የዋይፋዩ ሳጥን የት እንዳለ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። ጋራዥ ነዋ! ሰፈራችን ዋይንድሃም ቬል ያሉ አዲስ ቤቶች ስንቱን ገብቼ አየሁ፣ የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው ጋራዥ ነው። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ያስቀመጡበት ነው፤ እኔ አላስቀመጥኩት።

«ጋራዡን ግን በደንብ አይተኸዋል?» አለች።

መኪናዬን አወጣለሁ አስገባለሁ፣ እንዴት አላየውም? ቤት የገዛሁት እኔ፣ ጋራዥ የምታስተምረኝ እሷ። ሩዙን አጉርሼ ዝም አሰኘኋት።

ወሰንኩ። ነገ ቡስተር፣ የዋይፋይ ማጉያ፣ እገዛለሁ።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ልጅ በትሕትና ጠየቀኝ፤ የቤቱ ስፋት ስንት ነው፣ ግድግዳው ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይጠቀማል። ሁሉንም በሴንቲ ሜትር ነገርኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። ቡስተሩን ሰጠኝ። ነጭ፣ የሳሙና መጠን ያላት፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ።

ሳሎን ሰካኋት። አራት መስመር! ሙሉ! «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ዘሃራ ከጓዳ መጣች። ወዲያው ለይላ ጋ ደወልኩ፤ የደስታዋን ፈገግታ ግማሽ ላይ ይዛ ደረቀች። ዘጋሁ፣ ደወልኩ። ደረቀች። አራት መስመር ሙሉ ነው፣ የሚመጣ ነገር ግን የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ዘሃራ፣ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች።

ቡስተሩን አውጥቼ ነካካሁት፣ መለስኩት፣ ሌላ ሶኬት ሞከርኩ። የመኪና ማስጠንቀቂያ የመሰለች ቀይ መብራት ታበራለች። መመሪያው በስምንት ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ የለበትም እንጂ ቢኖርም አላነበውም ነበር።

ረቡዕ

ዛሬ ትንሽ ድል። ትንሽ ውርደትም።

በምሳ ሰዓት የኢንተርኔቱ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ሙዚቃቸውን በቃሌ ሸመደድኩት። በመጨረሻ አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት አነሳች። ቡስተሩ ደካማ መስመር ላይ ከተሰካ ደካማውን ነው የሚያራባው አለችኝ። በሳጥኑና በሳሎኑ መሀል አድርገው። እሺ። ይኼ ገባኝ። ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ ሳጥኑ አጠገብ ትልቅ መስታወት አለ? የለም። የዓሣ ገንዳ? የለም። ብረታ ብረት? አሰብኩ። ብስክሌታችን ከተሸጠ ሁለት ዓመቱ። መሰላሌ እንጨት ነው። የለም አልኳት፣ በሙሉ ልብ።

ማታ ቡስተሩን ኮሪደር ላይ ሰካሁት። ተሻለ! ሳሎን ላይ ድምፅ መጣ፣ ምስሉም አለፍ አለፍ እያለ ይንቀሳቀሳል። ልምምድ እናድርግ ብዬ ደወልኩ። ሐጂ ይመር ራሳቸው አነሱት፤ እማዬ ቤት ለዝግጅቱ መጥተዋል።

«ጀማል፣ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። «ወክለኝና ተገላገል እንጂ። እኔ እኮ አጎቷ ነኝ፣ ባዳ አይደለሁ።»

«አይ፣ አንቱ አይድከሙ አጎቴ፣ እኔው...» ማለት ጀመርኩ። እዚያ የደረሳቸው «አንቱ... አጎቴ» የሚለው ብቻ ነው አሉ። እሺ ያልኳቸው መስሏቸው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ለእሱ ጊዜ መስመሩ አልተቆረጠም። ካበቁ በኋላ ለይላ ለብቻዬ ደውላ ተቆጣችኝ። ወክለሃቸዋል ወይ ትለኛለች። አልወከልኩም! ሁለት ጊዜ ማልኩላት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈራሁ። የፈራሁት ሽንፈቱን አይደለም። የዚያች ልጅ ሌላው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ነው ያለፈው። ትምህርት ቤት ያስመዘገባት ሌላ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት የወሰዳት ሌላ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የእኔ።

ሐሙስ

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ሁለተኛ ቡስተር ገዛሁ፣ ለጓዳ።

አሁን የሆነውን ልጻፍ፤ በኋላ ስቄበታለሁና። ሁለቱንም ሰካክቼ፣ አስተካክዬ፣ ሁሉም አረንጓዴ እያበራ አስር ሰግጄ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ውስጥ አንድ አረንጓዴ መብራት የለም። ሳጥኑ ጠፍቷል። ቡስተሮቹ ጠፍተዋል። ፍሪጁ ብቻ ይሠራል። ኢማን ክፍሏ በር ላይ ቆማ ላፕቶፗን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፋለች፤ ለካ የምታስረክበው የቤት ሥራ ነበራት።

መብራት ሄደ? አልሄደም። ነጎድጓድ ነበር። ሰማዩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ ዘሃራ እየሮጠች ከፍሪጁ በቀር ሶኬት ሁሉ ነቀለች። ደሴ ሳለች መብረቅ የጎረቤቷን ቴሌቪዥን ሲያቃጥል በዓይኗ አይታለች። እዚህ ከመጣን ስንት ዓመታችን፣ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እንነቅላለን። ድሮ የምንነቅለው ቴሌቪዥን ብቻ ስለነበር አላስተዋልኩትም።

«ሴትዮ፣ እሑድ ቢነጎድስ?» አልኳት።

«አይነጉድም።»

«ቢነጉድስ?»

አሰበች። «የአንተን እተወዋለሁ። የቀረውን ግን እነቅላለሁ።»

ይህ ከእሷ ትልቅ ስምምነት ነው። መልሼ ሰካሁ። ሳጥኑ ለመነሳት አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ኢማን የቤት ሥራዋን መታጠቢያ ቤት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ላከች፤ ሦስት መስመር ያለው እዚያ ነው። ቢያንስ ያነጠፍኩት ወለል ለትምህርት ጠቀመ።

የዛሬ ልኬት፦ ሳሎን ሁለት። ጓዳ አንድ፣ እሱም ሰው በሩ ላይ ካልቆመ። ሁለተኛው ቡስተር ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብኝ።

ዓርብ

ተሳካ! ተሳካ! ተሳካ!

ከጁምዓ ስመለስ ጋሽ ሙሄ በራችን ላይ ቫናቸውን አቁመው ደረሱ። ጋሽ ሙሄ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ሜልተን የሚኖሩ። ነገ እዚያ የአንድ አባላችን ልጅ አቂቃ፣ የአራስ ልጅ ድግስ፣ አለ፤ ዕቃ ሊወስዱ ነው የመጡት። የእድሩ ዕቃ ዘንድሮ እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው። አብረን ጫንን፣ መረቁኝና ሄዱ። ይኼን የምጽፈው የቀኑን ቅደም ተከተል ለመያዝ ያህል ነው።

ከዚያ ገብቼ ሁለቱን ቡስተሮች ቦታ አቀያየርኩ፤ የኮሪደሩን ወደ ጓዳ፣ የጓዳውን ወደ ኮሪደር። በቃ! ቤቱ ሁሉ በራ።

ሳሎን፦ አራት።
ኩሽና፦ አራት።
ኢማን፦ አራት። (ወጥታ አቀፈችኝ።)
መኝታ ቤት፦ አራት።
መታጠቢያ ቤት፦ አራት።
ጓዳ፦ አራት! በሩ ላይ ሰው ቆሞም።

ለእማዬ ደውዬ ቤቱን ክፍል በክፍል አስጎበኘኋት። አንዴም አልደረቀች። የፍሪጁን ውስጥ ሳይቀር አሳየኋት። «ይኼን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ። «ማን ሊሠራልኝ?» አልኳት። ለይላ ከጎኗ ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ቀጥዬ ለጋሽ ሙሄ ደወልኩ። ቤታቸው ዋይፋይ እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ። ምስጢሩ የቡስተሮቹ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ ቀዳሚው ኋላ፣ ኋለኛው ቀዳሚ። መጥቼ እሠራልዎታለሁ አልኳቸው። «አላህ ዕውቀትህን ያብዛው» አሉኝ።

ቅዳሜ

አላህ ዕውቀቴን ያብዛው። በጣም ያስፈልገኛል።

ከአስር ሶላት በኋላ ጋሽ ሙሄ ዕቃውን መለሱ። አቂቃው ያማረ ነበር፣ ሥጋም ልከውልናል። አራገፍን፣ ደረደርን፣ ሄዱ። ደስ ብሎኝ ለይላ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ሳሎን አንድ መስመር። ጓዳ ምንም።

ሳጥኑን ከጋራዡ በር ጎን ባለው ማጥፊያ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቡስተሮቹን አቀያየርኩ፣ መልሼ አቀያየርኩ። ዘሃራን ነቅለሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ተቀየመችኝ። ሃያ አራት ሰዓት ቀርቶኛል። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ማታ የሚያነሳ የለም። ለአጎቴ ምን ብዬ ልደውል ነው፣ «ምርቃትዎ ደርሷል፣ ይወከሉ» ልበል?

ኢማን መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ ጋራዡ ወሰደችኝ። ሳጥኑ ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ቆመች። ወይም እሱ ካለበት ፊት፤ ሳጥኑማ አይታይም። ከፊቱ የእድራችን ብረት ድስቶች አሉ፣ ስድስት፣ ትንሹ እንኳ ሕፃን ልጅ ይታጠብበታል። ከጎኑ ሰው ከቦ የሚበላባቸው ትላልቅ ትሪዎች፣ አርባ፣ በግድግዳው ልክ ቁመው ተደርድረዋል። ከላይ ክዳኖቹ። ምስኪኑን ሳጥን እንደ ሥጋ ከድነነዋል።

ስልኬን ፊቴ ላይ ከፍ አድርጋ አስያዘችኝና አንድ ድስት ጎትታ አወጣች። ሁለት መስመር። አንድ ትሪ። ሌላ ትሪ። ሦስት መስመር።

«ሲሪየስሊ፣ ዳድ?»

የተገለበጠ ድስት ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ ትዕግሥተኛ ሴት ብረታ ብረት አለ ወይ ብላ ጠይቃኛለች እኮ! የለም አልኳት፣ በሙሉ ልብ! አልዋሸኋትም። ዓመቱን ሙሉ ሳያቸው የኖርኩት የእድር ዕቃ እያልኩ ነው፤ ብረት መሆናቸው አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰኞ ልጄ ስትነግረኝ በሩዝ አፏን ዘጋሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሳምንት ሙሉ ከቡስተር ጋር ስጣላ ከረምኩ። መሳቅ ጀመርኩ። ኢማን ሳቀች። ዘሃራ ምን ሆናችሁ ብላ ወጣች፣ አየችና በሩን ይዛ እስክትወድቅ ሳቀች።

አሁን ደግሞ የት ይቀመጡ? ጓሮ ላውጣቸው ብዬ ጋሽ ሙሄን ለማስፈቀድ ደወልኩ። ሳቁ ገና አልለቀቀኝም ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«የእድር ዕቃ አማና ነው ጀማል! ደጅ አያድርም!»

«እሺ ጋሼ፣ አያድርም።»

ከዚያ፣ «ለመሆኑ የእኔስ ቤት ዋይፋይ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«አምና ዕቃው እርስዎ ጋ አልነበር?»

«ነበር። ድንኳኑና ወንበሮቹ አሁንም እኔ ጋ ናቸው። የድንኳኑ ብረት...» ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ስልኩ አልተቋረጠም ነበር።

ሦስታችን ተሸክመን ሁሉንም መኝታ ቤታችን አስገባናቸው፤ እንግዳ የማይገባበት ብቸኛ ክፍል እሱ ነው። ትሪዎቹ በእኔ በኩል፣ ድስቶቹ በዘሃራ በኩል። ከእንግዲህ ወደ አልጋ የምንሄደው በጎን ነው። መኝታ ቤቱ አሁን ምንም መስመር የለውም። ዘሃራ ስልኬን አየች፣ ስልኬ ባዶ ነው፤ እንደዚህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «እዚሁ ይክረሙ» አለች።

የቀረው ቤት ሁሉ አራት።

እሑድ

ተፈጸመ።

ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሰው ገባ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ። ኢማን የእኔን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው፤ የእማዬ ሳሎን በትልቁ ወጣ። ምንጣፉ ላይ ሼሁ፣ ኑሩ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ ሐጂ ይመር ነጭ በነጭ ሆነው ጫፍ ላይ። የዘሃራ ስልክ ደግሞ ጓዳ ሆኖ ለይላና ሴቶቹ ካሉበት ክፍል ጋር ተገናኝቷል። እኔ ነጭ ጀለቢያ ለብሼ ከላዩ ኮት ደርቤያለሁ። ጋሽ ሙሄ ከጎኔ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መስመሩን አሥር ጊዜ አየሁት፣ አራት፣ አራት፣ አራት።

ሼሁ ጀመሩ። ምስክሮቹ የለይላን ፈቃድ ጠይቀው ተመለሱ፤ ፈቅዳለች። ሼሁ በእኔ እጅ ፋንታ የኑሩን እጅ ያዙ። ድምፃቸው አጠገቤ ያሉ ያህል ጥርት ይላል።

«በል ጀማል። እህቴን ለይላ ሙሐመድን፣ በፈቃዷ፣ በተስማማንበት መህር፣ ለአንተ ድሬልሃለሁ፤ በለው።»

ሳምንት ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። ኮሪደር ላይ ብዬዋለሁ፣ ሥራ ቦታ ለግድግዳ ብዬዋለሁ። «እህቴን» አልኩ። ከዚያ የኮምቦልቻ መነኸሪያ መጣብኝ። ልትሸኘኝ መጥታ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በጥድፊያ የግራና የቀኝ ጫማዋን አቀያይራ አድርጋ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በመስኮት ነው ያየሁት። ወርጄ ላስተካክልላት ፈልጌ ነበር፣ አውቶቡሱ ተነሳ። ይኼን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለምን አሁን እንደመጣብኝ አላህ ያውቃል።

አንድም ቃል አልወጣ አለኝ። መንቀሳቀስም አልቻልኩም፤ ብንቀሳቀስ ሃያ ሰው ፊት ስቅስቅ ብዬ ማልቀሴ ነው።

ማዶ ተንሾካሾኩ። «ተቋረጠ» አለ አንዱ ምስክር። «ደርቋል» አለ ሌላው። ኑሩ ጠጋ ብሎ ስልኩን አየው፣ ዓይን ለዓይን እያየኝ። ሼሁ፣ «ያው እንዳልነው ነው እንግዲህ» አሉ። ሐጂ ይመር ከጫፍ ተነስተው ወደ መሀል መጡና ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አየኋቸው እኮ! ሁሉንም እያየሁ፣ ሁሉንም እየሰማሁ፣ እጄን እንኳ ላነሳ አልቻልኩም። ጋሽ ሙሄ ደግሞ ቀና ሳይሉ ዱዓቸውን ይዘዋል።

ከጓዳ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ለይላ «ተቋረጠ አሉ!» ብላ ስትጮህ ዘሃራ በራሷ ስልክ ሰምታለች። የወንዶቹ ሳሎን በር ላይ ደረሰች፣ ቡስተሩን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ኔትወርኩ ምንም አልሆነም!» አለች፣ ለኮምቦልቻ በቀጥታ የምትጮህ ይመስል። «አራት መስመር ነው! የቆመው ጀማል ነው፤ እያለቀሰ ነው!»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፣ እዚህም እዚያም። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። ሼሁ ወደ ሐጂ ይመር ዞሩ። አጎቴ ግን ወደ ጫፋቸው እየተመለሱ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

«ጠብቁት» አሉ። «ወንድሟ እኮ ነው። እስኪመሽም ቢሆን ይጠበቃል።»

ዓይናቸውን ሲጠርጉ በትልቁ ስክሪን አየሁ። አጎቴን በዚህ ሳምንት ብዙ አምቻቸዋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሁሉም ጠበቀ። ውሃ አመጡልኝ፣ ጠጣሁ። «እህቴን ለይላ ሙሐመድን» አልኩ፣ «በፈቃዷ፣ በተስማማንበት መህር፣ ኑሩ፣ ለአንተ ድሬልሃለሁ።» አንድ ቃል አልጠፋም። ሁለቱ ምስክሮች «ሰምተናል» አሉ። ኑሩ «ተቀብያለሁ» አለ፤ የእሱም ድምፅ ደህና አልነበረም። እልልታው መጀመሪያ ከጓዳ መጣ፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ። ጋሽ ሙሄ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ።

አሁን ሰው ሄዷል። ኢማንና እናቷ ሳህን እያጠቡ ነው። ለይላ ቅድም የድምፅ መልእክት ልካልኛለች።

«ወንድምዬ፣ ሁሉንም ሰማሁት» ትላለች። «ዝም ያልክበትንም።»

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ፣ ልተኛ።